የባሕር ካርታን በመዳብ ላይ መቅረጽ፦ ከዘይላ እስከ ጓርዳፉይ ያለው ዳርቻ በ1596ቱ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1596 አምስተርዳም ላይ አሳታሚው ኮርኔሊስ ክላስ የያን ሃይገን ቫን ሊንስኾተንን የሕንድ ጉዞ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ታጥፈው ከገቡት ካርታዎች አንዱ በላቲን ርእሱ መጀመሪያ የሚጠራው የ«አቤክሲያን» ማለትም የሐበሻን የባሕር ዳርቻ ነው። ከዚያ ቀይ ባሕርን፣ ዓረብን፣ ሆርሙዝን፣ ፋርስንና ሕንድን እያለ ይዘልቃል። ሊንስኾተን ጎዋ ውስጥ የፖርቱጋሉ ሊቀ ጳጳስ ጸሐፊ ሆኖ ዓመታት የኖረ ሆላንዳዊ ነው፤ የካርታዎቹም መሠረት ፖርቱጋሎች በምስጢር ይይዙት የነበረው የባሕር ዕውቀት ነው። መዳቡን የቀረጸው ሄንሪከስ ፍሎሪስ ቫን ላንግረን ይባላል። የአባቱ የያኮብ ፍሎሪስ ቤት አምስተርዳም ውስጥ ሉል በመሥራት የታወቀ ነበር፤ ወንድሙ አርኖልድም ቀራጭ ነው። የአርኖልድ ልጅ ሚካኤል ደግሞ በ1645 ለጨረቃ ተራሮችና ሜዳዎች ስም የሰጠ ካርታ አሳትሟል። ሙያው በዘር የወረደ ነበር።

ይህ መመሪያ የዚያን አሠራር ተከትሎ ለሐረር ሰው የሚቀርበውን የዳርቻ ክፍል፣ ከባብ ኤል መንደብና ከታጁራ ተነሥቶ በዘይላና በበርበራ አልፎ የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ እስከሆነው ጓርዳፉይ የሚደርሰውን፣ በአንዲት ትንሽ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ማተም ለሚፈልግ ነው። የሐረር ቡናና የዝሆን ጥርስ ለዘመናት ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው በዘይላ በኩል ስለሆነ ዳርቻው ለዚህ አገር ሰው ባዳ አይደለም። ጁገል ውስጥ ብር የሚሠራ አንጥረኛ የሥራውን ግማሽ እጁ ያውቀዋል። አዲስ የሚሆንበት ነገር መስመሩ ጌጥ ሳይሆን የቀለም ቦይ መሆኑ ነው። የቦዩ ጥልቀት የቀለሙን ጥቁረት ይወስናል፤ የቦዩ ጠርዝ ንጽሕና ደግሞ የመስመሩን ጥራት ይወስናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ዙሪያ ነው።

መዳቡ

20 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ንጹሕ የመዳብ ላሜራ ይበቃል። ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳው ሲቀረጽና በማተሚያ ሲያልፍ ይጎብጣል። ናስ አይግዙ። ናስ ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ መቅረጫው ከመቁረጥ ይልቅ እየዘለለ ጠርዙን ያፈራርሰዋል፤ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፣ አዲስ የተፋቀው ቦታ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። በእሳት ተግሎ የለሰለሰ መዳብም አይሆንም፤ መቅረጫው ሥር ተለጣፊ ይሆንና መስመሩ ይሻክራል። በድሮ ጊዜ ሰሌዳውን በመዶሻ ደጋግመው በብርድ ይቀጠቅጡት የነበረው ለማቅጠን ብቻ አልነበረም፤ ብረቱ እንዲጠነክርና ወጥ እንዲሆን ነው። ዛሬ ፋብሪካ የዳመጠው ደረቅ ላሜራ ያንን ያህል ጥንካሬ አለው።

የሰሌዳውን አራት ጠርዝ በሞረድ ወደ 45 ዲግሪ ያዘንብሉ፤ የማዕዘኖቹን ጫፍም ክብ ያድርጉ። ይህ ካልተደረገ ጠርዙ በማተሚያው ግፊት ወረቀቱን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ከላይ ያለውን የሱፍ ጨርቅም ያበላሻል። ከዚያ ፊቱን በውኃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት በ400፣ በ600፣ በ1000 እና በ1500 ቁጥር በየተራ ያሽ። እያንዳንዱን ቁጥር ካለፈው በተሻጋሪ አቅጣጫ ቢያሹ የቀድሞው ጭረት መጥፋቱ ግልጽ ሆኖ ይታያል። መጨረሻ ላይ በዘይት በራሰ ለስላሳ የከሰል ቁራጭ ወይም በብረት ማንጸባረቂያ ያጥሩት። እዚህ ላይ መቸኮል በኋላ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዓይን ያላየው ጭረት ሁሉ ቀለም ይይዝና ባሕሩ ላይ ግራጫ ዝናብ ሆኖ ይታተማል።

መሣሪያው፣ በተለይ ስለቱ

ዋናው መሣሪያ ቡሪን ነው። አራት ማዕዘን፣ ጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የጠነከረ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ ጫፉ በ45 ዲግሪ ግድም ተቆርጦ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ፊት ይኖረዋል። እጀታው እንደ እንጉዳይ ክብ ሆኖ አንድ ጎኑ የተላገ ነው፤ የተላገው ጎን ወደ ሰሌዳው ዞሮ መሣሪያው ዝቅ ብሎ እንዲተኛ ያደርጋል። ጠቅላላ ርዝመቱ እጀታው መዳፍ ላይ ተቀምጦ የብረቱ ጫፍ ከአመልካች ጣት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ እንዲል ይስተካከላል። የተገዛ ቡሪን ከሌለ ያረጀ አራት ማዕዘን ሞረድ በመሳያ ድንጋይ ተሞርዶ ይሠራል። በማሽን ሲሞረድ ግን ብረቱ ወደ ሰማያዊ እንዲለወጥ አይፍቀዱ፤ ሰማያዊ የሆነ ጫፍ ጥንካሬው ጠፍቷል።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከሥር ያሉትን ሁለት ጎኖች፣ የመሣሪያው ሆድ የሚገናኝባቸውን፣ ዘይት በተቀባ ድንጋይ ላይ ፍጹም ዝርግ አድርገው ያሽ። እነዚህ ሁለት ጎኖች የሚጋጠሙበት መስመር ነው ቦዩን የሚቆርጠው። ቀጥሎ ፊቱን በ45 ዲግሪ ይዘው ክንድዎን ሳያወዛውዙ በትንሽ ክብ እንቅስቃሴ ያሽ። እጅ ከተወዛወዘ ፊቱ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ፊት ደግሞ ጫፉን ያደንዛል። ስለቱን ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ያለ ግፊት ያሳርፉ። ነክሶ ከቆመ ስል ነው፤ ከተንሸራተተ ወደ ድንጋዩ ይመለስ። ፊቱን ብርሃን ላይ ሲያዩት ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካብለጨለጨ ተሰብሯል ማለት ነው።

የጀማሪዎች ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመነጨው ከደነዘዘ ቡሪን ነው። መስመር ሲንሸራተት፣ እጅ ሲደክም፣ ጠርዝ ሲሻክር ሰው ጉልበት ይጨምራል፤ መፍትሔው ግን ድንጋዩ ነው። ፊደል በሚቀረጽበት ጊዜ በየጥቂት ቃላቱ መሳል የተለመደ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ሦስት ማዕዘን መፋቂያ፣ ክብና ፍጹም ለስላሳ የሆነ የብረት ማለስለሻ፣ ወፍራም መርፌ፣ ማጉያ መነጽርና የቆዳ ትራስ ነው። ትራሱን ለመሥራት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ የቆዳ ቁራጮች በጥብቅ ይሰፋሉ፤ የሐረር የመጽሐፍ ጠራዦች የሚጠቀሙበት ዓይነት ወፍራም ቆዳ ለዚህ ተስማሚ ነው። ውስጡ በወንፊት የተነፋ፣ ታጥቦ የደረቀ ደቃቅ አሸዋ ይሞላል። ድሬዳዋ ያለ ሰው የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይጠቀም፤ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ግን መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ በስፌቱ በኩል አቧራ ይተፋና ሰሌዳውን ይጭረዋል።

ሥዕሉን ማዘጋጀት

የዘመኑ የባሕር ካርታዎች ብዙውን ጊዜ የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪን እኩል አድርገው ይሥሉ ነበር። በዚህ ዳርቻ ላይ ያ አሠራር ብዙም አያሳስትም፤ በ12ኛው ዲግሪ ሰሜን አካባቢ የኬንትሮስ ዲግሪ ከኬክሮሱ የሚያንሰው በ2 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 1 ዲግሪ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ42 እስከ 52 ዲግሪ ምሥራቅ 180 ሚሊ ሜትር፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሰሌዳው ላይ ግራና ቀኝ 10፣ ላይና ታች 15 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ የታችኛው ለመለኪያና ለፊርማ ነው።

ዋናዎቹ ነጥቦች ከሥዕሉ ግራ ጠርዝና ከታች ጠርዝ ሲለኩ እንዲህ ይውላሉ፦ ታጁራ 16 እና 32 ሚሊ ሜትር፤ ባብ ኤል መንደብ 24 እና 46፤ ዘይላ 26.5 እና 24፤ በርበራ 54 እና 8፤ ኤደን 54.5 እና 50፤ ሙከላ 128 እና 82፤ ጓርዳፉይ 167 እና 33። በእነዚህ መካከል ዳርቻውን ከዛሬ ካርታ ላይ እያዩ በእርሳስ ይሙሉ። በርበራና ኤደን በአንድ ቀጥታ መስመር ላይና ታች መሆናቸው ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

ካርታው በወረቀት ላይ በትክክለኛ አቅጣጫው ይሣል እንጂ ሰሌዳው ላይ ግን ተገልብጦ መቀመጥ አለበት፤ መዳቡ ላይ ግራ የሆነው ሲታተም ቀኝ ይሆናልና። ይህንን በጭንቅላት ለማስላት መሞከር አያስፈልግም። ሰሌዳውን በቀስታ አሙቀው ነጭ ሰም እንደ ጤዛ ስስ አድርገው ይቀቡት። ሲቀዘቅዝ በለስላሳ እርሳስ (6ቢ ጥሩ ነው) ደመቅ ብሎ የተሣለውን ወረቀት ፊቱን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡና ጀርባውን በማለስለሻ ያሽ። እርሳሱ ሰሙ ላይ ተገልብጦ ይለጠፋል። ከዚያ በመርፌ ሰሙን አልፈው መዳቡን በስሱ እየጫሩ መስመሩን ይከተሉ፤ ሲጨርሱ ሰሙን ያቅልጡና ይጥረጉ። ሰሙ ከወፈረ መርፌው ይዋልላል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሳተ ዳርቻ በዚህ ልኬት 6 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሰሙ ከጠፋ በኋላ ዘይላ ከሰሌዳው የሥዕል ግራ ጠርዝ በ153.5፣ ጓርዳፉይ በ13 ሚሊ ሜትር ላይ መገኘት አለባቸው። ካልተገኙ ወረቀቱ ሲታሽ ተንሸራቷል።

ቀረጻው

ሰሌዳው በቆዳው ትራስ ላይ ይቀመጣል። ቡሪኑ በመዳፍ ተይዞ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለ ዝቅተኛ ዘንበል ወደ ፊት ይገፋል። ኃይሉ የሚመጣው ከመዳፍ ነው፤ ጣቶች መሪ ብቻ ናቸው። ወደ ታች አይጫኑ። ጫፉ ጠልቆ ከቆመ አያስገድዱት፤ ይንቀሉና ዘንበሉን ቀንሰው ከኋላው እንደገና ይግቡ። ከፊቱ ቀጭን የመዳብ ጥምዝ እየተጠቀለለ ከወጣ አካሄዱ ትክክል ነው። ፍርፋሪ ከሆነ ስለቱ ሄዷል።

ለጥምዝ መስመር የሚዞረው ሰሌዳው ነው። ቀኝ እጅ ባለበት ሆኖ ቡሪኑን ቀጥ አድርጎ ይገፋል፤ ግራ እጅ ሰሌዳውን በትራሱ ላይ ያሽከረክራል። ግራ እጅ መቼም ከቡሪኑ ፊት አይቀመጥ፤ የተንሸራተተ ቡሪን ሥጋ ውስጥ ጥልቅ ይገባል። ዳርቻን የሚያሳምረው ይህ የሁለት እጅ ውዝዋዜ ነው፤ ትንንሾቹ ወሽመጦችና አፎች የሚወጡት ሰሌዳው በትንሽ በትንሹ ሲወዛወዝ ነው። በጽሑፍ አንብቦ የሚያዝ ነገር አይደለምና መጀመሪያ በቁራጭ መዳብ ላይ ትይዩ መስመሮች፣ ቀጥሎ ክቦች፣ ቀጥሎ እንደ ማዕበል የሚታጠፉ መስመሮች መለማመድ ግድ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ሃያ እኩል መስመሮች ካልወጡ ወደ ሰሌዳው አይሂዱ።

ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ በጠርዙ ላይ የቆመውን የመዳብ ሸካራ ፍላጭ በመፋቂያ ጠፍጣፋ አድርገው ያንሡ። በጣት ሲዳሰስ የሚቧጭር ነገር መቅረት የለበትም። ፍላጩ ከቀረ ቀለም ይይዝና መስመሩ እንደ ቬልቬት ይደበዝዛል፤ ለሌላ ዓይነት ሥዕል ውበት ነው፣ ለባሕር ካርታ ግን ጉድለት ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የፍሬሙ ድርብ መስመርና የኬክሮስ መለኪያው፣ ቀጥሎ ዳርቻው፣ ቀጥሎ ስሞቹ፣ ከዚያ የነፋስ መስመሮቹ (ከአንድ ማዕከል ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚወጡት)፣ መጨረሻ ላይ ጌጡ። ስሞች ከነፋስ መስመሮች በፊት የሚቀረጹት መስመር ፊደልን ሲያቋርጥ ሁለቱም ስለሚበላሹ ነው፤ መስመሩ ፊደሉ ጋ ሲደርስ ተቋርጦ ከወዲያ ማዶ ይቀጥላል። ዳርቻው የካርታው ጥልቁ መስመር ይሁን፤ ሁለት ጊዜ ቢቆረጥ መልካም ነው። የነፋስ መስመሮቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሆነው ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ በማስመሪያ ብረት ድጋፍ ይቆረጡ።

ሰው ብዙ የሚሳሳተው ፊደል ላይ ነው። የባሕር ካርታ ስሞችን የሚጽፈው በየብሱ በኩል፣ ከዳርቻው ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ እንዲገቡ አድርጎ ነው፤ ባሕሩ ለአደጋ ምልክቶችና ለአቅጣጫ መስመሮች ነጻ ይቀራል። ሁለት ቀጭን መመሪያ መስመሮች በመርፌ ይጫሩ፤ ለዚህ ሰሌዳ በመካከላቸው 2.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ላይ እነዚህ ጭረቶች በስሱ ይታያሉ፤ ሰሌዳው ብዙ ሲታተም ይጠፋሉ። የድሮ ካርታ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ቀደምት ኅትመትን ከኋለኛው ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው።

የግእዝ ፊደል ተገልብጦ ሲቀረጽ የራሱ ወጥመድ አለው። በ፣ ሰ፣ ጠ ግራና ቀኛቸው ተመሳሳይ ስለሆነ አያስቸግሩም። ካዕብና ሣልስ የቀኝ ቅጥላቸው በግራ ይሆናል፤ ይህም ቶሎ ይታያል። አደገኛው ራብዕና ሳብዕ ነው። ባ የምትረዝመው በቀኝ እግሯ፣ ቦ የምትረዝመው በግራ እግሯ ስለሆነ፣ መዳቡ ላይ ባ ለማግኘት ቦ የምትመስለውን መቅረጽ ይገባል። ቀራጩ ዘንግቶ ባ ከቀረጸ «ባብ ኤል መንደብ» ታትሞ ሲወጣ «ቦብ» ይላል፤ የሚያናድደውም ሰሌዳው ላይ ሲያዩት ትክክል መምሰሉ ነው። ሳና ሶ፣ ዛና ዞም እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን ከሰሙ ላይ በወጣው ጭረት ብቻ መቅረጽ፣ በቃል አለመጻፍ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደጨረሱም ሰሌዳውን መስተዋት ፊት ማቆም ነው። የፊደሉ ወፍራም እግር በአንድ ሰፊ ቁርጥ አይውጣ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጎን ለጎን የተጠጉ ቀጫጭን ቁርጦች ይሁኑ። አንድ ሰፊ ቦይ ሲጠረግ ቀለሙ ከመሐሉ ተጠርጎ ይወጣና ፊደሉ መሐሉ ነጭ ሆኖ ይታተማል።

የነፋስ መስመሮቹ 32 ናቸው፤ በመካከላቸው 11.25 ዲግሪ አለ። ማዕከላቸውን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ መሐል በ48 ዲግሪ ምሥራቅና በ12.5 ዲግሪ ሰሜን ያድርጉት፤ ሰሌዳው ላይ ተገልብጦ ከሥዕሉ ግራ ጠርዝ 72፣ ከታች 45 ሚሊ ሜትር ይውላል። ስምንቱ ዋና አቅጣጫዎች ሙሉ መስመር፣ ስምንቱ መካከለኞች ቀጭን መስመር፣ አሥራ ስድስቱ ደግሞ ነጠብጣብ ይሁኑ። በእጅ በሚሣሉ የቆዳ ካርታዎች ላይ እነዚህ በቀለም ይለዩ ነበር፤ መዳብ አንድ ቀለም ብቻ ስላለው ልዩነቱ በመስመሩ ዓይነት ይመጣል። መስመሮቹ ወደ ማዕከሉ ሁሉም ከገቡ እዚያ ጥቁር ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር የሚያህል ክብ ባዶ ትተው የአቅጣጫ ኮከቡን እዚያ ውስጥ ያስገቡ። መስመሮቹ ዳርቻው ላይ ይቁሙ።

ለርቀት መለኪያው ከዘመኑ ልማድ አንዱን መውሰድ ይቻላል፤ ደቾች 1 ዲግሪን 15 የጀርመን ማይል ያደርጉት ነበር። እዚህ 5 ማይል 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 30 ማይል የያዘ መለኪያ 36 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የመርከብ ማረፊያ በመልሕቅ፣ ከውኃ ሥር ያለ ዓለት በመስቀል ምልክት ይደረግበት። እንዲህ ያሉ ምልክቶችን በ1584 ላይደን በታተመው የባሕር አትላሱ ያስለመደው መርከበኛው ሉካስ ያንስዞን ቫኽናር ነው፤ የዚያን ሥራ መዳብ የቀረጸው ዮሐንስ ቫን ዱተከም ነበር። መርከቦቹንና የባሕር እንስሶቹን እንደ ፍላጎት ይጨምሩ፤ ባዶ ባሕር ግን ነውር የለበትም።

ስሕተትን ማረም

መዳብ ይቅር ባይ ነው። ጥልቀት የሌለው ስሕተት በማለስለሻና በጥቂት ዘይት ታሽቶ ይዘጋል። ጥልቅ ከሆነ ቦታው በመፋቂያ እስኪጠፋ ይፋቅና ይለሰልሳል፤ አሁን ግን እዚያ ጎድጎድ ያለ ሳህን ተፈጥሯል፣ ቀለም ይቋጥራል። ስለዚህ ጫፎቹ የታጠፉ ኮምፓስ አንዱን እግር ስሕተቱ ላይ፣ ሌላውን ከሰሌዳው ጀርባ ያሳርፍና ቦታውን ጀርባው ላይ ይጭራል። ሰሌዳው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ለስላሳ ብረት ላይ ተቀምጦ የተጫረው ቦታ በትንሽ መዶሻ በቀስታ ይመታል፤ ሳህኑ ተነሥቶ ከፊቱ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ እንደገና ይታሻል፣ እንደገና ይቀረጻል። በድሮ ካርታዎች ላይ ከአዲሱ ስም ሥር የቀድሞው ስም ጥላ በማጉያ የሚታየው ይህ ሥራ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ነው።

በጄሶ መፈተን

ማተሚያ ከሌለ ወይም ገና ሥራው ሳያልቅ ማየት ከተፈለገ፣ ሰሌዳው ቀለም ጠግቦ ፊቱ ተጠርጎ ዙሪያው በእንጨት ጣውላ ይከበብና ቀጠን ያለ የጄሶ ብጥብጥ 2 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ይፈስበታል። አረፋ እንዳይኖር መጀመሪያ ስስ ንብርብር በብሩሽ ይቀባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰሌዳው ሲነሣ መስመሮቹ ጄሶው ላይ ጥቁርና ጎላ ብለው፣ በትክክለኛ አቅጣጫቸው ይቀራሉ። ጥልቀቱ የሚጎድለው ቦታ ከወረቀት ይልቅ እዚህ ላይ ቶሎ ይታወቃል።

ቀለም

ለብራናና ለቁርዓን ጽሑፍ የሚዘጋጀው የጥላሸት ቀለም መሠረቱ ውኃ ስለሆነ ለዚህ አይሠራም፤ ሰሌዳው ሲጠረግ ከቦዩ ይወጣል፣ የቀረውም ይደርቃል። የመዳብ ኅትመት ቀለም የተቀቀለ የተልባ ዘይትና ጥቁር ዱቄት ነው። ወፍራም የተልባ ዘይት ለሠዓሊዎች የተዘጋጀ ከተገኘ እሱን መግዛት ይሻላል። ራስዎ ከቀቀሉ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ድስቱ ከሲሶው በላይ አይሞላ፣ ልክክ የሚል ክዳንና አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብ ይኑር። ዘይቱ ቢነድ ክዳኑን ይክደኑ፤ ውኃ መቼም አይጨምሩበት።

ጥቁሩ የአጥንት ከሰል ዱቄት ቢሆን ይመረጣል። የኩራዝ ጥላሸት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ዘይት ይጠጣል፤ ሲጠረግም ፊቱ ላይ ቅባት ሆኖ ይቀራል። 20 ግራም ዘይት መስተዋት ላይ አፍስሰው ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይፍጩ፤ ወደ 30 ግራም ግድም ይወስዳል፣ እንደ ዱቄቱ ይለያያል። በቢላ ሲነሣ ረዘም ብሎ ተንጠልጥሎ በቀስታ የሚወድቅ ሲሆን ደርሷል። የሚፈስ ከሆነ መስመሩ ከጎኑ ይደማል።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተተወ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጨርቁን ውኃ ውስጥ ይንከሩ ወይም ዘርግተው ውጭ ያድርቁ።

ወረቀትና ማተም

ከጥጥ የተሠራ፣ ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይያዙ። የፎቶኮፒ ወረቀት ሲርስ ይቀደዳል። ወረቀቱ ከሰሌዳው በየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ተነክሮ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መካከል ተጭኖ የላዩ የውኃ ብልጭታ እስኪጠፋ ይደርቅ። ውኃ የቀረበት ወረቀት ቀለሙን ይገፋዋል፤ የደረቀው ደግሞ ወደ ቦዩ መውረድ አይችልም። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ይህ የሚያስቸግር አይደለም። 1,200 ሜትር ላይ ባለችው ድሬዳዋ ግን በበጋ እኩለ ቀን የረጠበ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ እያለ ይደርቃል፤ ስለዚህ በዋዜማው ማታ ወረቀቶቹን አርጥበው ደራርበው በፕላስቲክ ይጠቅልሉ፤ በማለዳ ያትሙ፤ አንድ አንዱን ብቻ ያውጡ። የድሬዳዋ ሙቀት አንድ ጥቅም አለው፦ ሰሌዳውን ለማሞቅ እሳት አያስፈልግም፣ ቀለሙ በራሱ ለስልሶ ወደ ቦዩ ይገባል። ሐረር ላይ ሰሌዳው እጅን ሳያቃጥል ሞቅ እስኪል በከሰል ምድጃ አጠገብ ይያዝ።

ቀለሙ በጨርቅ ጥቅል ወደ ሁሉም አቅጣጫ እየተጫነ ይቀባል። በስታርች በደረቀ ሻሽ በክብ እንቅስቃሴ ትርፉ ይነሣል። ለስላሳ ጨርቅ አይሁን፤ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ያወጣል። መጨረሻው የሚጠረገው በእጅ መዳፍ ነው፦ መዳፉ ላይ ጥቂት የጠመኔ ዱቄት ይታሽና በፍጥነት፣ በቀላሉ፣ ፊቱን ብቻ እየነካ ያልፋል። በሻሽ ብቻ የቀረው ግራጫ ጭጋግ በመዳፍ ይጠራል፤ ጠርዞቹም በጨርቅ ይጠረጋሉ።

ማተሚያው ሁለት የብረት ሲሊንደሮች ያሉት ነው። ቶርኖ ሠራተኛ ማሠራት ለሚፈልግ፣ ለዚህ ሰሌዳ የላይኛው ሲሊንደር ድፍን ብረት ሆኖ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ በመካከል የሚያልፈው ጠፍጣፋ ብረት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ የሚጠብቅ ብሎን ይኑር። ባቡር ከደረሰባት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብረት ስትሠራ በኖረችው ድሬዳዋ ይህንን የሚችል ሙያተኛ አይጠፋም። ክፍት ቧንቧ ግን መሐሉ ይጎብጥና የካርታው ወገብ ሳይታተም ይቀራል።

ሰሌዳው ፊቱ ወደ ላይ፣ ወረቀቱ ከላዩ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሱፍ ጨርቅ ከዚያ በላይ ሆኖ ሳይቆም በአንድ ፍጥነት ያልፋል። መሐል ላይ ከቆመ እዚያው መስመር ይቀራል። ግፊቱን ቀለም በሌለው ሰሌዳ ይፈትኑ፤ አራቱም የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱ ላይ እኩል ሲሰረጉድ ልኩ ነው። መስመሮች በአንድ ጎን ከደበዘዙ ብሎኑ አንድ ወገን ላልቷል፤ ሁሉም ከተቆራረጡ ወረቀቱ ደርቋል ወይም ግፊቱ አንሷል፤ ባሕሩ ግራጫ ከሆነ አጠራረጉ ጎድሏል፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን ከደሙ ቀለሙ ቀጥኗል። ኅትመቱ በሚጠጣ ወረቀት መካከል ከክብደት ሥር ይደርቃል፤ የተልባ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት ስለሚወስድ መስተዋት ውስጥ ለማስገባት አይቸኩሉ።

በታችኛው ጠርዝ የራስዎን ስም፣ ዓመቱንና «ቅጂ» የሚለውን ይቅረጹ። የቫን ላንግረንን ፊርማ አይጨምሩ፤ በጥሩ ወረቀት ላይ የታተመ የመዳብ ካርታ ከጥቂት ዓመት አቧራ በኋላ የማያውቅ ሰው እንደ ጥንታዊ ሊገዛው ይችላል። ጥንታዊ የሚመስል ካርታ የገዛ ሰውም ከማመኑ በፊት በምሥሉ ዙሪያ የሰሌዳው ሰርጓዳ ጠርዝ መኖሩን፣ መስመሩ ወረቀቱ ላይ ጎላ ብሎ በጣት መዳሰሱን፣ በማጉያም ጥቁሩ ወጥ መስመር እንጂ የነጠብጣብ ክምችት አለመሆኑን ይመልከት። ነጠብጣብ ከሆነ የዘመናችን ማባዣ ሥራ ነው። እውነተኛ የቆየ ካርታ ከሆነና ከአገር ይውጣ ከተባለ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም።

ሰሌዳው ከታተመ በኋላ ቦዮቹ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ እስኪጸዱ ይታጠቡ። ውስጥ የደረቀ ቀለም በኋላ ቢቆፈር ጠርዙን ይዞ ይወጣል፤ እርጥበት ያገኘ መዳብም አረንጓዴ ይዝጋል። ደርቆ ሞቅ ሲል ስስ ሰም ይቀባና በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ተጋድሞ ይቀመጥ።